«ለበጎ ነው» ከማለታችን በፊት

እንደምን አመሻችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እናቶችና አባቶች? እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን መልስ ስትሰጡኝ አዳራሹ መሙላቱን አወቅሁ። ከኋላ በስተግራ በኩል ድምፁ ሳሳ ብሏል። ወይ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ወይ ቶሎ ለመውጣት ያሰባችሁት እዚያ ተቀምጣችኋል። አትሳቁ፤ አውቄባችኋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ዓይኔ ከጠፋ 11 ዓመት ሆኖታል። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «በመከራ፣ በሕመምና በአካል ጉዳት ውስጥ የእግዚአብሔር ዓላማ» የሚል ነው። በስልክ ሲነግሩኝ ትንሽ ዝም አልኩ፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው «ሃሎ፣ ሃሎ» አሉኝ። ዝም ያልኩት ወድጄ አይደለም። በዚህ ርእስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ጤነኛው ነው፣ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ደግሞ በሽተኛው። ዛሬ ተራው ቢለወጥስ? ትችሉታላችሁ?

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛው አንድ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «ለበጎ ነው» የምንላት አነጋገር ናት። ሦስተኛው ዓላማ የሚባለው ነገር እኔ ቤት በየት በኩል እንደገባ ነው። ሁለተኛው ላይ ከቆየሁባችሁ ታገሡኝ፤ ቁስሌ እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው። የ34 ዓመት ሰው ሳለሁ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ አኮረፈችኝ። ከመስኮቱ ጥግ የምትቀመጥ ጎበዝ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ደወል ከተደወለ በኋላ ቀረት ብላ «ቲቸር፣ እኔ እጄን ሳወጣ ለምን አይጠሩኝም?» አለችኝ። እኔ እጇን አይቼ አላውቅም! ሰነፍ ሆናብኝ ነበር እኮ። ለካስ ልጅቷ በየቀኑ እጇን ታወጣለች፤ የኔ ዓይን ግን እዚያ ጥግ አይደርስም።

ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለኝ። ዓይናችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመነጭ ፈሳሽ አለ። መውጫው ሲጠብበት ግፊቱ ይጨምርና ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድለዋል። በአብዛኛው አያምም፣ አያሳክክም፣ ዓይንን አያቀላም። የሚጀምረው ከዳር ነው። ፊት ለፊት ያለውን ጥርት አድርጋችሁ እያያችሁ ዳር ዳሩ ያልቃል፤ አንጎል የጎደለውን ስለሚሞላላችሁ የጎደለ ነገር እንዳለ አታውቁም። ሐኪሙ «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን እንጠብቃለን» ብሎ ጠብታ አዘዘልኝ።

ወሬው ቤተ ሰብና ወዳጅ ዘንድ ደረሰ። መጀመሪያ ከመጡት ሰዎች አንዱ አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ ራስህን መርምር» አለኝ። ራስህን መርምር! ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷችኋል አይደል? የሆነ ነገር ሠርተሃል ማለቱ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ሲወለድ ጀምሮ የማያይ አንድ ሰው መንገድ ዳር ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ሲያዩት ምን አሉ? «መምህር ሆይ፥ ይህ ሰው ዕውር ሆኖ እንዲወለድ ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህን የሚጠይቁት ሰውየው በሚሰማበት ቦታ ነው። ዓይኑ አያይም እንጂ ጆሮው ደህና ነው! ድሮ ሳነበው ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። ዓይኔ ከጠፋ በኋላ ግን ሰዎች አጠገቤ ቆመው ባለቤቴን «እሱ ውሃ ይጠጣል?» ብለው ሲጠይቋት ያ ሰውዬ ትዝ አለኝ። እኔን ጠይቁኝ እንጂ፤ ጉሮሮው የኔ ነው።

ጌታ ምን መለሰ? «የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ እንዲገለጥ ነው እንጂ እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም።» እነሱ ወደ ኋላ እየጠየቁ ነው፦ ከየት መጣ? ማን አመጣው? እርሱ ፊታቸውን ወደ ፊት ያዞራል። «እንዲገለጥ» ገና ወደ ፊት የሚሆን ነገር ነው። ቀጥሎም ስለ ሕመም ትምህርት አልሰጠም፤ ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ ጭቃ ለወሰ። ከዚያ ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ ሄዶ እንዲታጠብ ላከው። ወደ ሰሊሆም ሲሄድ ሰውየው ገና አያይም። ጭቃው ዓይኑ ላይ አለ፣ መንገዱን በዳበሳ ነው የሚሄደው። ስንቶቻችን ነን እዚያ መንገድ ላይ ያለነው?

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላስገባ፤ ሳልናገረው ብወርድ ሌሊት አልተኛም። ጠብታውን ከጀመርኩ ከዓመት በኋላ አንድ ሰው «መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ እምነትህ የቱ ላይ ነው?» አለኝ። ተውኩት። ስምንት ወር ተውኩት። አልታመምኩማ! ግላኮማ አያምም ብያችኋለሁ። ስመለስ ሐኪሙ መርምሮኝ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ያ ሰው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ እሱንም እኔንም። ግን እለምናችኋለሁ፤ ጠብታ የምትጨምሩ፣ ኪኒን የምትውጡ፣ ማንም ቢላችሁ ያለ ሐኪም ምክር እንዳታቋርጡ። ወላጁ ወይም ወንድሙ እህቱ ግላኮማ ያለበት፣ ዕድሜው 40 ያለፈ፣ ዓይኑን ይታይ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ ሲጸልይ እግዚአብሔር «እፈውስሃለሁ» አለው፤ ኢሳይያስ ደግሞ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና እብጠቱ ላይ አድርጉበት አለ። ሁለቱም በአንድ ምዕራፍ፣ በ2ኛ ነገሥት 20 ላይ ነው ያሉት። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱና ስለ በሽታው ብዛት ምክር ሲጽፍለት «እምነትህን አጥብቅ» አይደለም ያለው፤ ጥቂት ወይን ጠጣ ነው ያለው። ይህን ይዛችሁ እንቀጥል።

ሁለተኛው። «ለበጎ ነው።»

ይህችን አነጋገር የማይል አለ? ዕቃ ቢሰበር ለበጎ ነው፣ ሥራ ብናጣ ለበጎ ነው፣ ሰው ቢሞትብን እንኳ ጥቂት ቆይተን ለበጎ ነው። እኔም ብዬአለሁ። እውነት አይደለም እያልኩ አይደለም። እኔ የምላችሁ ማን ተናገራት፣ የት ሆኖ ተናገራት ነው።

ሮሜ 8፥28 ነው። «እግዚአብሔርንም ለሚወዱት እንደ አሳቡም ለተጠሩት ነገር ሁሉ ለበጎ እንዲደረግ እናውቃለን።» በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ከእርሱ በፊት ያለውንስ? ፍጥረት ሁሉ ይቃትታል ይላል። እኛም ራሳችን እንቃትታለን ይላል። እንዴት እንደምንጸልይ አናውቅም፣ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። ሦስት ጊዜ መቃተት! «ለበጎ ነው» የምትመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ጸሐፊው ደግሞ የተገረፈ፣ የታሰረ፣ መርከብ የተሰበረበት፣ ሥጋውን የሚወጋ መውጊያ ያለበት ሰው ነው። «እናውቃለን» ብሎ ከመከራው ውስጥ ይናገራል፤ ለሌላው መከራ ከውጭ ሆኖ አይፈርድም። እኛስ? መቃተቱን ዘለን፣ በሩን እንደከፈትን፣ ገና ጫማችንን ሳናወልቅ «ለበጎ ነው»። ታማሚው ደግሞ ጨዋ ስለሆነ «አሜን» ይላል። አሜን ያለው ስላመነ ሳይሆን እንድትሄዱለት ሊሆን ይችላል።

ኢዮብን ታውቁታላችሁ። ሦስት ወዳጆቹ መጡ። ምን አደረጉ? ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ እንደበረታ አይተዋልና አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም። ከዚህ የተሻለ ነገር በመጽሐፉ ሁሉ ውስጥ አልሠሩም። ነገሩ የተበላሸው ስምንተኛው ቀን ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ያሉት ነገር እኮ ስብከት ቢሆን ያማረ ነው፤ ጥቅሱን ለብቻው ብታነቡት «አሜን» ያሰኛል። መጨረሻ ላይ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ላይ ነው? በሚጮኸው፣ በሚከራከረው፣ የተወለደበትን ቀን በረገመው በኢዮብ ላይ ነው? አይደለም። በእነዚህ በሚያብራሩት ላይ ነው። ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ወደ እርሱ ላካቸው።

ሌላም አለ። መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ በሰማይ የተደረገውን ንግግር እኛ አንባቢዎቹ እናውቃለን። ኢዮብ ግን እስከ መጨረሻው አልተነገረውም! እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲያናግረው ስለ ባሕር፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ሜዳ ፍየል ይጠይቀዋል፤ «የታመምኸው በዚህ ምክንያት ነው» የሚል አንድ መስመር የለም። ኢዮብ ያገኘው እግዚአብሔርን ራሱን ነው፤ ምክንያቱን አላገኘም። እግዚአብሔር ለኢዮብ ያልሰጠውን ማብራሪያ እኔና እናንተ ለታመመ ጎረቤታችን ከየት አምጥተን ነው የምንሰጠው?

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያስተምረናል። በአማርኛ የታመመ ሰው ጋ ስንሄድ ምን እናደርጋለን ነው የምንለው? «እጠይቀዋለሁ።» «እንጠይቃት እስቲ።» «ጠያቂ መጣ።» ቃሉ መጠየቅ ነው! አያቶቻችን ታማሚን ልንመልስለት እንሂድ አላሉም። እኛ ግን ጠያቂ ተብለን እንሄድና መላሽ ሆነን እንቀመጣለን። ጌታ እንኳ፣ ሁሉን የሚያውቀው ጌታ፣ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ያን በርጤሜዎስን ሲጠራው ምን አለው? «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ዓይኑ የማያይ ሰው ምን እንደሚፈልግ ግልጽ አልነበረም? ግን ጠየቀው። አፉን ከፍቶ እንዲናገር ዕድል ሰጠው።

ዓይኔ በጠፋ ሰሞን ከጠየቁኝ ሁሉ የማልረሳቸው አንዲት ትልቅ እናት ናቸው። ገቡ፣ ተቀመጡ። የመቁጠሪያቸው ድምፅ ይሰማኛል፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አላሉም። ከዚያ «ልጄ፣ የትኛው ሰዓት ይከፋብሃል?» አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ጠዋት» አልኳቸው። «ሕልም ላይ አያለሁ፤ ስነቃ ዓይኔን እከፍታለሁ፤ እንደገና ይጠፋል። በየቀኑ አዲስ ነው የሚጠፋው።» አለቀስኩ። እሳቸው «አይዞህ» እንኳ አላሉኝም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ለሁለት ወር ያህል በየጠዋቱ ስልኬ ይጮሃል፤ «ነቃህ?» ይሉኛል፣ «ነቃሁ» እላለሁ፣ ይዘጉታል። በቃ።

ዝም አላችሁ። ዝምታም እኮ ዓይነት አለው፤ ይሄኛው ደህና ነው።

ሦስተኛው። ታዲያ ዓላማ የለም ወይ? አለ። እኔ የምለው ዓላማ ሌላ ነው፣ ምክንያት ሌላ ነው። «ለምን ታወርኩ?» ለሚለው እስከ ዛሬ መልስ የለኝም፤ ነርቩን ነው የማውቀው። «ታውሬ ምን ልሥራ?» ለሚለው ግን ሥራው ራሱ እየመጣ በሬን ያንኳኳል።

ሉዊ ብሬይል የተባለው ፈረንሳዊ በ1809 ተወለደ። አባቱ የፈረስ ዕቃ ይሠራ ነበር፣ ቆዳ ይሰፋል። ልጁ የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው፤ ሌላው ዓይኑም ተመርዞ ሁለቱም ጠፉ። በ10 ዓመቱ ፓሪስ ወዳለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ዘመን አንድ የጦር መኮንን ወታደሮች በጨለማ እንዲያነቡት ብሎ ያወጣው በነጥብ የሚጻፍ ዘዴ ነበር፤ 12 ነጥብ ስላለው ግን የጣት ጫፍ አንዱን ፊደል በአንድ ጊዜ አይሸፍነውም። ልጁ ወደ 6 ነጥብ አወረደው። 15 ዓመቱ ነበር፤ በ1824። ነጥቡን የሚወጉት በምንድን ነው? ወስፌ በመሰለ ሹል ብረት!

እዚህ ጋ ሰባኪዎች ይጣደፋሉ። «አያችሁ፣ እግዚአብሔር ልጁን በወስፌ ያሳወረው ለዚህ ነው» ይላሉ። እኔ ግን የ3 ዓመት ሕፃን ዓይን ላይ ወስፌ የሚገፋ እግዚአብሔርን አላውቅም፤ ወንጌል ላይም አላገኘሁትም። እኔ የማውቀው ዮሴፍ ለወንድሞቹ እንዳላቸው ነው፦ «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው።» ክፉው ክፉ ነው፣ ስሙ አልተለወጠም። እግዚአብሔር ግን ያንኑ ወስፌ ከወደቀበት ማንሣት ይችላል። ደግሞ አትርሱ፣ ብሬይል በ1852 በ43 ዓመቱ ሲሞት ያ የተማረበትና ያስተማረበት ትምህርት ቤት ጽሕፈቱን ገና በደንቡ አልተቀበለውም ነበር። የተቀበለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የራሱን ዓላማ ፍሬ አይቶ አልሞተም ማለት ነው።

እኔ ብሬይል የተማርኩት ከሴት ልጄ ጋር ነው፤ 7 ዓመቷ ነበር። እሷ ነጥቦቹን በዓይኗ፣ እኔ በጣቴ። እሽቅድምድም አደረግነው። ለወራት እሷ ነበረች የምትቀድመኝ። ጣቴ ደንዝዞ ነጥቡ ሁሉ አሸዋ ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። እሷ «አባዬ፣ አሁን አቁም፣ አይታይም» አለች። እኔ ቀጠልኩ። ዝም ብላ አዳመጠችኝና «አሃ!» አለች። በሕይወቴ እንደዚያ «አሃ» የጣፈጠኝ ነገር የለም።

እና ጳውሎስ። ለገላትያ ሰዎች ምን ብሎ ጻፈ? በሥጋ ድካም ምክንያት በመጀመሪያ ወንጌልን እንደ ሰበክሁላችሁ ታውቃላችሁ አላቸው። በበሽታ ምክንያት! ባይታመም ኖሮ ምናልባት አልፏቸው ይሄድ ነበር። መውጊያው እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» ተባለ። ሌሎችን የፈወሰ ሐዋርያ ባልንጀራውን ጥሮፊሞስን ታሞ ሚሊጢን ላይ ትቶት ሄዷል፤ ራሱ ነው የጻፈው፣ አልደበቀውም። ስለዚህ እዚህ መካከል ጸልያችሁ ያልተፈወሳችሁ ካላችሁ፣ ልጃችሁ ያልተራመደላችሁ ካላችሁ፣ እምነታችሁ አንሶ ነው የሚላችሁን ሰው ጥሮፊሞስ የት እንደቀረ ጠይቁት።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ አንዷን ልናገርና ልውረድ።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ደወሉልኝ። ልጃቸው የ22 ዓመት ወጣት ነው፣ በአደጋ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጥቷል፤ ከአልጋው አልነሣም፣ ሰው አላናግርም ብሏል። «እባክዎ መጥተው ይምከሩልኝ» አሉኝ። ሄድኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ይኸው ዛሬ የነገርኳችሁን ኢዮብን፣ ጳውሎስን፣ ሁሉን። ክፍሉ ገባሁ፤ ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ከትንፋሹ ያስታውቃል። በትሬን አጥፌ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የማጠፊያው ድምፅ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ትንፋሹ ተለወጠ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ዝም አልኩ። ሩብ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

በኋላ «ጋሼ» አለኝ፤ ድምፁ የተዘጋ ነው። «እርስዎ ውሃ እንዴት ይቀዳሉ?»

ለካ ያ ነበር ያስጨነቀው። ትልቅ ሰው ሆኖ ውሃ እናቱ እንድትቀዳለት መጠበቅ።

«ጆግና ብርጭቆ አለ?» አልኩት። እናቱ ሊያመጡ ሲነሡ «አይ፣ እሱ ያምጣው» አልኩ። አምስት እርምጃ ነው፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄደ፣ አንድ ነገር ጣለ፣ ተሳደበ፣ አመጣው። አመልካች ጣቱን ይዤ ከብርጭቆው አፍ ወደ ውስጥ ጎንበስ አደረግኩለት፤ እስከ መጀመሪያው አንጓ። «የጆጉን አፍ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር አስነካው። ቅዳ። ጣትህ ሲቀዘቅዝ አቁም። ድምፁንም ስማ፣ እየሞላ ሲሄድ ይቀጥናል።» የመጀመሪያው ፈሰሰ፤ ጭኔ ላይ ነው የፈሰሰው። እናቱ «ውይ!» አሉ። እሱ ሳቀ። ከአደጋው ወዲህ የሳቀው ያኔ እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ።

ሁለተኛውን ስሰማው ውሃው ወረደ፣ ድምፁ እየቀጠነ መጣ፣ ቆመ። ብርጭቆውን ዘርግቶ እጄን በአየር ላይ ፈለገ። እኔም የእሱን ፈለግኩ። ትንሽ ተሳሳትን፣ ተገናኘን። «ይጠጡ» አለኝ።

እናመሰግናለን። ጥያቄ ያላችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚሁ ተቀምጫለሁ።